ድምፃዊው ቢለወጥም አልበሙ ይሰማ፤ ለአንድ የፒያሳ አዳራሽ አስተዳደር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለ፡ በመሀል ፒያሳ ለሚገኘው የባህል አዳራሽ አስተዳደር
ባላችሁበት

ጉዳዩ፡ ሳይፈቀድ የተመለሰው የአልበም ማድመጫ ምሽት እንደገና እንዲታይልን ስለመጠየቅ

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። የአዳራሹን ስም በዚህ ደብዳቤ ላይ ያልጠቀስኩት ነገሩ ስሞታ እንጂ ክስ ስላልሆነ፣ ባለፉት ሁለት ዓመታትም ሠራተኞቻችሁ ያደረጉልንን መልካም መስተንግዶ በአንድ በተመለሰ ማመልከቻ ምክንያት በአደባባይ ላጎድፈው ስለማልሻ ነው። ደብዳቤውን ግልጽ ያደረግሁት ደግሞ ይህንን የመሰለ ጥያቄ ይዘው የየአዳራሹን በር የሚያንኳኩ ሌሎች አድማጮች ስላሉ፣ ክርክሩን በቢሮ ውስጥ ከምንጨርሰው እነሱም ቢሰሙት ይሻላል ብዬ ነው።

እንደምታስታውሱት እኛ በየወሩ የመጨረሻ ሐሙስ ከምሽቱ 12 ሰዓት ጀምሮ በላይኛው ፎቅ ባለችው ጠባብ ክፍል እየተሰበሰብን አንድ አልበም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳናቋርጥ የምናዳምጥ፣ ከዚያም ሻይ ይዘን የምንወያይ፣ ከ15 የማንበልጥ ሰዎች ነን። ጃዝ አዳምጠናል፤ ሬጌ አዳምጠናል፤ አንድ ወር ሙሉውን የክራር ብቻ አድርገነዋል፤ ያኔ ሁሉ ማመልከቻችን በማግስቱ ተፈርሞ ይመለስልን ነበር። ለዚህ ወር የመረጥነው ኢሞርታል የተባለው የኖርዌይ ብላክ ሜታል (ፍጥነትና ጩኸት የበዛበት የከባድ ሮክ ዓይነት) ባንድ ዋና ድምፃዊው አባዝ ከወጣ በኋላ በ2018 ያሳተመውን፣ «ኖርዘርን ኬኦስ ጎድስ» የተሰኘውን አልበም ነው። (በዚህ ደብዳቤ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ማመልከቻው በሦስተኛው ቀን ከመዝገብ ቤት ሲመለስ «ብላክ ሜታል» ከሚለው ቃል ሥር በቀይ እስክሪብቶ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል፤ ከግርጌው ማኅተም አርፎበታል፤ በኅዳጉ ላይ ደግሞ ቀዩን መስመር ያሰመረው ሰው እጅ በማይመስል ደቃቅ የእርሳስ ጽሑፍ፣ «ዋናው ዘፋኝ ወጥቷል አይደል? ማን ሊመጣ ነው?» የሚል ሰፍሯል።

ቀዩ መስመር አላስገረመኝም፤ ለእሱ ገና ማመልከቻውን ሳስገባ መልስ አዘጋጅቼ ነበር። ያስገረመኝ እርሳሱ ነው። አባዝ ከኢሞርታል መውጣቱን የሚያውቅ ሰው በእናንተ መሥሪያ ቤት ውስጥ አለ ማለት ነውና፣ ለእሱ ወይም ለእሷ ያለኝን አክብሮት ከወዲሁ እየገለጽኩ፣ መልሴን ከእርሳሱ እጀምራለሁ።

ኢሞርታል በ1991 በበርገን ተመሠረተ። በርገን በምዕራብ ኖርዌይ ያለች፣ ከበረዶዋ ይልቅ በዝናቧ የምትታወቅ የወደብ ከተማ ስለሆነች የአዲስ አበባን ሐምሌ ያየ ሰው ሰማይዋን ለመገመት አይቸገርም። ከመሥራቾቹ መካከል ሁለቱ ለጉዳያችን ዋና ናቸው። አንዱ አባዝ ነው፤ በእኛ ፊደል ሲጻፍ ከ«አባት» ጋር ሊምታታ ምንም ያልቀረው ይህ የመድረክ ስም ያለው ሰው ከ1992 እስከ 2009 ባንዱ ያሳተማቸውን ስምንት አልበሞች በሙሉ የዘፈነ ነው። ሁለተኛው ዴሞናዝ ነው፤ እሱ ጊታር ይመታል፣ ግጥሙን ይጽፋል። ዴሞናዝ በ1997 ክንዱን የጅማት ሕመም ይዞት፣ ያንን እንደ መትረየስ የሚፈጥን የጊታር አመታት መቀጠል ስላቃተው መጫወቱን ተወ፤ ባንዱን ግን አልተወም። ጊታሩን ለአባዝ አስረክቦ እሱ ከመድረክ ጀርባ ሆኖ ግጥም መጻፉን ቀጠለ። ብላሽርክ ብለው የሰየሙት፣ በካርታ ላይ የሌለ፣ በረዶና ተራራ ቁራም የሞላበት ምናባዊ አገር የእሱ ብዕር ፍሬ ነው።

እንግዲህ ይህንን ነገር እኛ ከማንም በተሻለ ለመረዳት የሚያስችል ባህል አለን። ካዛንችስ እንደ ቀድሞው በነበረበት ጊዜ አዝማሪ ቤት የገባ ሰው ሁሉ «ተቀበል!» ሲባል ሰምቷል። ግጥሙን የሚሰጠው ታዳሚው ነው፤ መሰንቆውን ይዞ በዜማ የሚያወጣው አዝማሪው ነው፤ ሳቁና ሽልማቱም የአዝማሪው ነው። በቤተ ክርስቲያናችንም ባለቅኔው ቅኔውን በጆሮ ሹክ ይላል፤ ተቀባዩ በዜማ ያደርሰዋል፤ ከበስተኋላ የቆመ ምእመን ድምፁን የሚሰማው የተቀባዩን ነው። ዴሞናዝ በስምንቱ አልበሞች ውስጥ ሰጪ ነበር፤ አባዝ ተቀባይ ነበር። በ2015 በባንዱ ስም ባለቤትነት ላይ በተነሣው ክርክር ሳቢያ አባዝ ወጥቶ በራሱ ስም ሌላ ባንድ ሲያቋቁም፣ የቀሩት ዴሞናዝና ከ1996 ጀምሮ ድራም ይመታ የነበረው ሆርግ ሁለቱ ብቻ ነበሩ። ታክሞ ወደ ጊታሩ የተመለሰው ዴሞናዝም ሌላ ተቀባይ ከመፈለግ ይልቅ ማይክሮፎኑን ራሱ አነሣ። በኢሞርታል ስም የዘፈነበት የመጀመሪያው አልበም ይህ እናንተ የመለሳችሁት ነው። ለብቻው በ2011 አንድ አልበም ዘፍኖ ስለነበር ድምፁ ጨርሶ ያልተፈተነ አልነበረም፤ ሆኖም የሌላ ሰው ድምፅ ተላምዶ በኖረ ቤት ውስጥ ገብቶ መዝፈን ለብቻ ከመዝፈን የተለየ ድፍረት ይጠይቃል።

«ዋናው ዘፋኝ» ማን ነው የሚለው ጥያቄ ለእኔ የሚነሣው ከዚህ ላይ ነው። ቃሉ የተጻፈው በዚህ ሰው እጅ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ አራት አልበሞች ጊታር የእሱ ነው። ተቀባዩ ሲሄድ ሰጪው ቀረና ራሱ አዜመው። ይህንን ጉድለት ብሎ ከመዝጋት በፊት አንድ ጊዜ ማዳመጥ የሚገባ ይመስለኛል።

እውነቱን ለመናገር እኔም መጀመሪያ አላዳመጥኩትም። አልበሙ ሲወጣ «ያለ አባዝ ምን ሊሆን?» ብዬ አንድ ዓመት ያህል ሳልከፍተው ቆይቻለሁ፤ ስለዚህ በኅዳጉ ላይ የሰፈረው የእርሳስ ጽሑፍ የራሴን የድሮ ቃል የሚመስል ነው። ሐሳቤን ያስለወጡኝ በመንደራችን ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ድሮ ፒያሳ ውስጥ የካሴት ሱቅ የነበራቸው አዛውንት ናቸው። ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለች ትንሽ ቡና ቤት ተቀምጠን ስለ ድምፃውያን ስንጨዋወት፣ በስልኬ ሁለት ዘፈን አሰማኋቸው። አንደኛው በ1995ቱ አልበም ውስጥ ያለው፣ ስለ ብላሽርክና ስለ ጥቁሩ ቁራ የሚያወራው የአባዝ ዘፈን ነው፤ ሁለተኛው ያንኑ የቁራ ስም እንደገና አንሥቶ የ2018ቱን አልበም የሚዘጋው፣ ከ9 ደቂቃ በላይ የሚረዝመው የዴሞናዝ ዘፈን ነው። ጋሼ የጆሮ ማዳመጫውን እንደ ልማዳቸው በአንድ ጆሮ ብቻ አድርገው፣ የማኪያቶውን ብርጭቆ ወደ ጎን ገፋ አድርገው፣ ዐይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። ቃሉን አልሰሙም፤ እንግሊዝኛውንም ከዚያ ጩኸት ውስጥ ለይቶ የሚሰማ ሰው ብዙ አይደለም። ሲጨርሱ፣ «የፊተኛው ሰውዬ ጉሮሮው ውስጥ ውኃ አለ። የኋለኛው ደረቅ ነው፤ ድንጋይ ላይ እንደሚሳል ቢላ» አሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ «ጊታሩን የሚመታው ግን ያው ሰው ነው አይደል?» ብለው ጠየቁኝ።

ያው ሰው ነው። በሁለቱ ቅጂዎች መካከል 23 ዓመት አለ፤ መታመም፣ መተው፣ መታከምና መመለስ አለ። አንድም ቀን ብላክ ሜታል ሰምተው የማያውቁ የካሴት ነጋዴ ግን ሁለት ዘፈን ብቻ ሰምተው የሰውየውን እጅ ለዩ። አባዝ በነበረበት ጊዜ ያ ጠማማ፣ እንደ እንቁራሪት የሚያጓራ፣ ትንሽ የሚያስቅም ድምፁ ከፊት ስለሚቆም፣ ከኋላው ያለውን እጅ እኔ ለዓመታት አልሰማሁትም። የድምፃዊ መለወጥ ለአድማጭ የሚሰጠው ጥቅም ይኸው ነው፤ የድምፃዊው የነበረውና የባንዱ የነበረው ነገር ተለይቶ ይሰማል። ስምንቱን አልበሞች ደጋግሞ ማድመጥ ያላሳየኝን ይህ ዘጠነኛው አሳይቶኛል፤ ለማድመጫ ምሽት የመረጥነውም ለዚህ እንጂ ከቀድሞዎቹ ሁሉ ይበልጣል ብለን አይደለም።

አይበልጥምም። ስምንቱ ዘፈኖች ባጠቃላይ 42 ደቂቃ ያህል ሲሆኑ የመጀመሪያው ያለ መግቢያ፣ ያለ ማስጠንቀቂያ፣ ከመነሻው በሙሉ ፍጥነት ይለቀቃል፤ እዚያ ላይ የዴሞናዝ ደረቅ ድምፅ ከድራሙ ጋር እንደ አንድ መሣሪያ ይገጥማል። ፍጥነቱ ቀዝቀዝ በሚልባቸው ዘፈኖች ላይ ግን ድምፁ ከፍና ዝቅ የማለት አቅሙ ውስን መሆኑ ይታወቃል፤ አባዝ አንድን ቃል አፉ ውስጥ አገላብጦ ሲተፋው የነበረው ጨዋታ የለም። ሰባተኛው ዘፈን ላይ እኔ በበኩሌ ይደክመኛል። ቤዙን የመታውና ቅጂውን ያዘጋጀው ስዊድናዊው ፒተር ቴክትግረን ድምፁን ሁሉ አጥርቶ ስላስቀመጠው፣ በ1990ዎቹ ቅጂዎች ላይ የነበረው ጭጋግ የሚናፍቀው ሰውም ይኖራል። ምሽቱን ብትፈቅዱልን ይህንኑ እንከራከርበት ነበር። ባንዱ በዚሁ ድምፅ በ2023 ሌላ አልበም ማውጣቱን ደግሞ የእርሳሱ ባለቤት ሳያውቅ አይቀርም።

«ማን ሊመጣ ነው?» ለሚለው አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። በእኛ አገር የካሴት ሽፋን ላይ የሚወጣው የዘፋኙ ፎቶግራፍ ነው፤ የባንዱ ስም፣ ካለም፣ ከሥር በደቃቁ ይጻፋል። ሮሃ ባንድ ለስንት ድምፃዊ እንደተጫወተ፣ ከእሱ በፊትም አይቤክስ ባንድ ከመሐሙድ አህመድ ጋር ምን እንደሠራ የሚያውቅ ሰው፣ ድምፃዊው ቢለዋወጥም የቤዙና የጊታሩ ጠባይ ከካሴት ካሴት ተከትሎት እንደሚሄድ ያውቃል። ሆኖም ባንድን እንደ ባንድ፣ ከድምፃዊው ለይቶ ማዳመጥን ብዙም አልለመድንም። የብላክ ሜታል ሰዎች ልማድ የተገላቢጦሽ ነው። ስሙ የባንዱ ነው፤ ፊታቸውን በነጭና በጥቁር ቀለም ስለሚቀቡ መልካቸው እንኳ በወጉ አይለይም። ሜይሄም የተባለው ሌላው የኖርዌይ ብላክ ሜታል ባንድ በ1994 ያወጣው የመጀመሪያ ሙሉ አልበም ላይ አብዛኛውን ግጥም የጻፈው ዴድ የተባለው ስዊድናዊ ድምፃዊ ነበር፤ እሱ በ1991 ሕይወቱን በገዛ እጁ ስላጠፋ የዘፈነው ከሃንጋሪ የመጣው አቲላ ቺሃር ነው። አቲላ የሟቹን ድምፅ ለመምሰል አልሞከረም፤ እንደ ጸሎት የሚጎትት፣ ከደረት የሚወጣ ወፍራም ድምፅ ይዞ መጣ። በዴድ ድምፅ የተቀረጹ የመድረክ ቅጂዎችን የለመዱ አድማጮች ግራ ተጋብተው ነበር፤ ዛሬ ያ አልበም ያለ አቲላ ድምፅ አይታሰብም።

ወደ ቀዩ መስመር ልመለስ። እዚህ ላይ ምንም የምደብቀው የለኝም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በኖርዌይ ከዚህ ሙዚቃ ጋር የተያያዙ ወጣቶች አብያተ ክርስቲያናትን አቃጥለዋል፤ በ1992 የተቃጠለው የፋንቶፍት የእንጨት ቤተ ክርስቲያን እዚያው በርገን ነበር። የሜይሄሙ ጊታሪስት በ1993 የተገደለው በዚያው አልበም ላይ ቤዝ በመታው ሰው እጅ ነው። እኔ የተጠመቅሁ፣ እናቴ በየወሩ ማርያምን የምትዘክርበት ቤት ውስጥ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ የተቃጠለ ቤተ ክርስቲያን ፎቶግራፍ ሳይ የሚሰማኝ እናንተ የሚሰማችሁ ነው። ይህንን ያደረጉትን ሰዎች ሥራ ለማስደመጥ ቦታ አልጠየቅሁም፤ ብጠይቅና ብትከለክሉኝም አልከራከርም ነበር። ይህንን የ2018 አልበም ከተጫወቱት መካከል ግን በዚያ ቃጠሎ የተፈረደበት ማንም የለም። የባንዱ ግጥሞችም ከመጀመሪያው አልበም በኋላ ይበልጡን የዞሩት ወደ በረዶ፣ ወደ ክረምትና ወደዚያ ምናባዊ አገር ጦርነት ነው። ዴሞናዝ የሚለው የመድረክ ስም ለጆሯችን እንደሚጎረብጥ አውቃለሁ፤ ለእኔም ይጎረብጠኛል። ስለ አልበሙ ግን እንድትፈርዱ የምጠይቀው የስምንቱን ዘፈኖች ግጥም አንብባችሁ ነው፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ለመዝገብ ቤቱ በአማርኛ ከተዘጋጀ አጭር የይዘት ማብራሪያ ጋር አያይዤ አስገብቻለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ እንድትሉልኝ እፈልጋለሁ። በበርገን መሀል ከተማ ግሪግሃለን የሚባል፣ በሙዚቃ ደራሲው በኤድቫርድ ግሪግ ስም የተሰየመ ትልቅ የኮንሰርት አዳራሽ አለ፤ የከተማዋ ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ ቤት ነው። ኢሞርታል ሁለተኛና ሦስተኛ አልበሞቹን የቀረጸው በዚያው አዳራሽ ሕንፃ ውስጥ ባለው ስቱዲዮ ነው፤ ቅድም ያነሣሁት የአቲላ ድምፅም የተቀረጸው እዚያው ነው። ጋሼ በአንድ ጆሯቸው የሰሙት የ1995ቱ ዘፈን የወጣው ሲምፎኒ ከሚቀርብበት ጣሪያ ሥር ነው ማለት ነው። እኛ የምንጠይቀው ከዚያ በጣም ያነሰ ነው፤ አንዲት ጠባብ ክፍል፣ ሁለት ድምፅ ማጉያ፣ 42 ደቂቃ።

ስለ አፈጻጸሙ የሚከተለውን ለመፈጸም ዝግጁ ነን። ድምፁን ከታችኛው ፎቅ የልምምድ ክፍል እንዳይሰማ አድርገን እንቀንሳለን፤ ባለፈው ዓመት በሬጌው ምሽት የጎረቤት ሱቅ ባለቤት ቅሬታ ማቅረባቸውን አልረሳነውም፣ ጥፋቱም የእኛ ነበር። በጾም ወቅት አይሁን ብትሉን ቀኑን እንለውጣለን። በር ላይ የሚለጠፈው ወረቀት የአልበሙን ሽፋን ሳይሆን ጽሑፍ ብቻ እንዲይዝ እናደርጋለን። ከአስተዳደሩ አንድ ሰው ተገኝቶ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንዲያዳምጥ እንጋብዛለን፤ የተወከለው ሰው የእርሳሱ ባለቤት ቢሆን ደግሞ ከ1995ቱ እና ከ2018ቱ ዘፈን የትኛው ቀድሞ ይሰማ የሚለውን በመካከላችን መወሰን አቅቶናልና እንዲወስንልን እንጠይቀዋለን።

መልሳችሁን በዚያው ማመልከቻ ጀርባ ላይ፣ በእርሳስም ቢሆን፣ ብትጽፉልን እንቀበላለን።

ከሰላምታ ጋር
የሐሙስ ምሽት አድማጮችን በመወከል

ግልባጭ፡
ለሐሙስ ምሽት አድማጮች በሙሉ
ለጋሼ፣ በቡና ቤቷ በኩል